ደርሶኛል ያለው ማን ነው?

ዛሬ ጡረታ ወጣሁ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው።

ሳቁ፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ እየሳቅሁ ነው። ባሕር ዳር ያለው የጀልባ ማኅበራችን ዛሬ ረፋድ ላይ ተሰብስቦ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛው፣ እኔ የጻፍሁት ስድስት ገጽ ግምት ጸደቀ። ሁለተኛው፣ በዚያው ግምት መሠረት "የመንገደኛ መዝጋቢ" የሚባለው ሥራ ከእንግዲህ አያስፈልግም ተባለ። መዝጋቢዋ እኔ ነኝ። ራሴ ጽፌ ራሴን ከሥራ አስወጣሁ ማለት ነው። ከሶዶ መጥቶ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ፀጉሩ የሸበተው አባቴ ይህን ሲሰማ፣ "ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አላጋጠመኝም" ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እናቴ ግን "ጸደቀ ነው ያልሽው? የአንቺ ጽሑፍ?" እያለች ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። አዎ፣ የእኔ ጽሑፍ! ድርሰት ጻፉ ሲባል ሆዷን ያማት የነበረችው የእኔ፣ የረድኤት።

"ጡረታ የወጣ ሰው የሥራ ዘመኑን ይጽፋል" አሉኝ አያ መኳንንት። የወደቡ ተራ አስከባሪ፣ የእኔም አለቃ ናቸው። ሲቀልዱ ነው። እኔ ግን የምሬን ተቀመጥሁ፤ ምክንያቱም በዚህ አጭር የሥራ ዘመኔ ውስጥ አንድ ቀን አለች፣ ደስታዬን ብቻ ጽፌ እሷን ብዘል ውሸታም የምሆንባት።

ሥራ የገባሁት ዘጠነኛ ክፍልን እንደጨረስሁ በክረምት ነው። ትምህርት ሲከፈትም ጠዋት ከተማርሁ ከሰዓት፣ ከሰዓት ከተማርሁ ጠዋት እየሠራሁ ቀጠልሁ። ክፍያው "የትራንስፖርት" ይባላል፤ ቤታችን ከወደቡ በእግር አሥር ደቂቃ ስለሆነ ሁሉም ትርፍ ነበር።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጀልባ ወደ ዘጌ ከመነሣቱ በፊት የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ስም፣ የሚወርድበትን ቦታና የቤተሰቡን ስልክ ደብተር ላይ መጻፍ። ዘጌ ማዶም እንዲሁ አንድ ደብተር ነበረ፤ ከዚያ የሚነሣውን ሰው እዚያ ይጽፉና በስልክ ያነቡልናል። ጀልባው ሲደርስ በስሙ ላይ ጭረት ይደረጋል። በቃ።

በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አራት ሰው ቆጥሬ "ይነሣ" አልሁ። አያ መኳንንት ከጀልባው ጫፍ ቆመው "የታዘለ አለ?" ብለው ጮኹ። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ሕፃን። እንቅልፉን ይለጥጣል።

"አሥራ አምስት" አሉኝ።

"አላየሁትም እኮ፣ አያ።"

"አሁን አየሽው አይደል? ስም የለውም እንዴ? ጠይቂ እንጂ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ላይ "የታዘለ" የሚል ዓምድ ጨመርሁ።

አያ መኳንንት በጉብዝናቸው የደንገል ታንኳ ይቀዝፉ ነበር፤ ኋላ የሞተር ጀልባ ነዱ፤ አሁን ተራ ያስከብራሉ። እስክሪብቶ አይወዱም። ቀለም ውሃ ሲነካው ይሄዳል፤ እርሳስ ግን ደብተሩ ሐይቅ ገብቶ ቢወጣም ይነበባል። ስለዚህ በእርሳስ ይጽፋሉ፣ እርሳሱንም በምላጭ እየቀረጹ ጆሯቸው ላይ ይሰኩታል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን የያዙትን ወሬ አቋርጠው ተነሥተው ሰሜኑን ያያሉ። ከሩቅ ውሃው ላይ ጠቆር ያለ መስመር ከተሰመረ ነፋሱ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል ማለት ነው። የዳሩ ደንገል ራሱን ወደ እኛ ካዘነበለ ደግሞ ደርሷል፤ ያን ጊዜ ለመናገርም ዘግይቷል።

ከሁሉ የሚገርመው የመልእክት አሰጣጣቸው ነው። ለጀልባ ነጂ አንድ ነገር ሲነግሩ እጁን ይጨብጡና አይለቁትም።

"ምን አልሁህ?"

"ሰምቻለሁ አያ።"

"መስማትህን አልጠየቅሁም። ምን አልሁህ? በራስህ አፍ ንገረኝ።"

በስልክም እንዲሁ ናቸው፤ ማዶ ያለው ሰው እስኪደግምላቸው አይዘጉም። ነጂዎቹ ይቀልዱባቸዋል። ይበልጣል የሚባለው ወጣት ነጂማ "አያ፣ በሠርጌ ቀን ሚስቴን እንኳ ይህን ያህል አልያዝኋትም!" ይላቸዋል። ሳይደግምላቸው ግን ሄዶ አያውቅም።

ባለፈው ጥር የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ዘሐራ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ወይዘሮ ዘሐራ ሦስት ጀልባ አላቸው፤ በአባታቸው ሱቅ ውስጥ ያደጉ ነጋዴ ስለሆኑ ዕቃ ሳያገላብጡ አይገዙም። ያመጡት ነገር "የጋራ ሰሌዳ" ይባላል። በኢንተርኔት የሚሠራ ገጽ ነው። ባሕር ዳር ያለነውም፣ ዘጌ ያሉትም፣ ነጂዎቹም በየስልካችን አንዱኑ ሰሌዳ እናያለን፣ በአንዱ ላይ እንጽፋለን፦ የትኛው ጀልባ የት እንደቆመ፣ ማን እንደተሳፈረ፣ ነፋስ መኖር አለመኖሩን። ከመልእክቱ ሥር "ደርሶኛል" የሚል ቁልፍ አለ፤ ነጂው ሲነካው ስሙ አረንጓዴ ይሆናል። እኔ ገና ሳየው ልቤ ዘለለ።

"ዝም ብዬ አላስገባውም" አሉ ወይዘሮ ዘሐራ። "ረድኤት፣ አንቺ ስልኩንም ሥራውንም ታውቂያለሽ። ይህ ነገር ቢገባ ምን እንደሚያመጣ ገምተሽ ጻፊልኝ። ደጉንም ክፉውንም።"

አራት ገጽ ጻፍሁ። ጩኸት ይቀንሳል፣ በስልክ ስም ሲነበብ የሚጠፋው ጊዜ ይተርፋል፣ ሁለቱም ዳር እኩል ያያል አልሁ። "ክፉው" በሚለው ሥር የጻፍሁት ስለ ኔትወርክና ስለ ባትሪ ብቻ ነው። አንድ ችግር ግን ታይቶኝ ነበር፤ ነጂዎቹ መልእክቱን ሳያዩት ቢቀሩስ? መፍትሔውንም ራሴ አመጣሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ "ደርሶኛል" ያላለ ነጂ ተራው ያልፈዋል። ተራ ያለፈው ነጂ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳይጭን ሊውል ይችላል፣ ስለዚህ የግዱን ያያል ብዬ ነው። በዚህች ሕግ በጣም ኮርቼ ነበር፤ ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሠመርሁባት።

አያ መኳንንት መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ የመጨረሻውን ወረቀት ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

"ምን ይፈልጋሉ አያ?"

"ሰዎቹን። ይበልጣል የት አለ? ሌሎቹስ? እዚህ ውስጥ አጣኋቸው።"

"'ነጂዎች' ብያለሁ እኮ፣ ይኸውልዎ።"

"እሺ" አሉና መለሱልኝ። የሸመገለ ሰው አዲስ ነገር አይወድም ብዬ አለፍሁት።

ሰሌዳው ገባ። ነጂዎቹ መንገደኛውን ራሳቸው በስልካቸው ይመዘግባሉ ተብሎ የዘጌው ደብተር ተዘጋ። ይህም የእኔ ሐሳብ ነበር። ለሦስት ሳምንት ሁሉም እንደ ጻፍሁት ሆነ። መልእክት በላክሁ ቁጥር አምስቱ የዘጌ ነጂዎች ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አረንጓዴ ይሆናሉ። አሁን ሳስበው ይህ ራሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ገመድ የሚፈታ፣ ዕቃ የሚያወርድ፣ ሞተር የሚያስነሣ ሰው፣ አምስቱም፣ ሁልጊዜ በሁለት ደቂቃ? እኔ ግን ሕጌ ሠራች ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

የካቲት ውስጥ ነው። ዘጌ ላይ ንግሥ ነበር፤ ጠዋት ስንሸኘው ያረፈድነው ሰው ከሰዓት ይመለሳል። ስምንት ሰዓት ሲል አያ መኳንንት ተነሥተው ሰሜኑን አዩ።

"ጠቁሯል" አሉ። "ጻፊ። ከዘጌ ማንም እንዳይነሣ።"

ጻፍሁ። አምስት አረንጓዴ። አንድ ደቂቃ ተኩልም አልፈጀ። ሰሌዳው አምስቱም ጀልባዎች "ዘጌ ቆመዋል" ይላል። አያ መኳንንት ግን ስልካቸውን አውጥተው ቁጥር መፈለግ ጀምረዋል።

"ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ልደውልላቸው ነዋ። በአፋቸው ልስማው።"

"አምስቱም ደርሶኛል ብለዋል፣ ይዩት! ከዚህ በላይ ምን ይበሉ?"

በአጠገባችን ሰዎች ነበሩ። ሰው እንዲሰማኝም ፈልጌ ነበር። አያ መኳንንት አምስቱን አረንጓዴ ስሞች አዩ።

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ" አሉና ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ነፋሱ መጣ። ወደቡ ላይ የታሠሩት ጀልባዎች ይጋጩ ጀመር፣ ውሃው የድንጋይ ደረጃውን እየዘለለ እግራችን ሥር ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል አንዲት ልጅ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩጫ መጣች።

"እህቴ የተሳፈረችበት ጀልባ አልደረሰም?"

"ከዘጌ የተነሣ ጀልባ የለም" አልኋት። ሰሌዳውን አሳየኋት።

"እንዴት የለም? ስምንት ከሩብ ላይ 'ተነሣን' ብላ ደውላልኛለች! አሁን ስልኳ አይነሣም።"

አያ መኳንንት አንድ በአንድ መደወል ጀመሩ። የይበልጣል ስልክ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም ሰማን፤ ያነሣችው ሴት ናት።

"አለሚቱ ነኝ አያ፣ ባለ ሻይ ቤቷ። እንዴት ዋሉ?"

"ይበልጣል የታለ?"

"ይበልጣልማ ሰው ጭኖ ወጣ። ስልኩ እኔ ጋ ቻርጅ ላይ ነው። ውሃ እንዳይነካባቸው ሁሉም እኔ ጋ ነው የሚተውት።"

"ታዲያ ደርሶኛል ያለው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ እትዬ አለሚቱ። በኩራት ነው የተናገሩት። "ተራቸው እንዳያልፋቸው ብዬ፣ በጮኸ ቁጥር ለአምስቱም እነካላቸዋለሁ። ምነው... አጠፋሁ እንዴ?"

አያ መኳንንት ስለ ሌሎቹ ጠየቋቸው። አራቱ ነጂዎች እዚያው ሻይ ቤት ተቀምጠው ነበር፤ ሰማዩን አይተው ራሳቸው ቀርተዋል። ይበልጣልን ግን መንገደኛው "ቶሎ እንሂድ" ብሎ አጣደፈውና ወጣ። የጀልባውን ገመድ የፈታው ደግሞ ከእትዬ አለሚቱ ደጅ ፊት ለፊት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ተደውሎ ቢሆን ከበራቸው ብቅ ብለው ይጠሩት ነበር። አልተደወለም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

"ስንት ሰው ጭኗል?" አሉኝ አያ መኳንንት።

ሰሌዳውን ከፈትሁ። ተሳፋሪ፦ ባዶ። የሚመዘገብበት ስልክ ሻይ ቤት ነዋ ያለው! ደብተሩ ደግሞ ተዘግቷል።

ወሬው ተሰምቶ ሰው ወደ ወደቡ ጎረፈ። "እናቴ አለችበት?" "ልጄስ?" "ባለቤቴ ነጭ ጋቢ ነው የለበሰ፣ አለበት?" ሁሉም የሚጠይቁት እኔን ነው፤ መዝጋቢዋ እኔ ነኛ። ያን ሁሉ ጊዜ ስም የጻፍሁት ለዚህች ጥያቄ ነበር። "አላውቅም" አልሁ። እንደገና "አላውቅም" አልሁ። ጫማዋን የያዘችው ልጅ ፊት ለፊቴ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

አያ መኳንንት አልሮጡም፣ አልተቆጡኝምም። "የሰሜን ነፋስ ነው። ሞተሩ ከጠፋበት ወደ ደቡቡ ዳር፣ ወደ ደንገሉ ይገፋዋል" አሉና በዚያ ዳር ለሚያውቋቸው ዓሣ አስጋሪዎች መደወል ጀመሩ። "ታንኳ እንዳትነካ። በእግርህ ዳር ዳሩን ሂድና ተጣራ። ምን አልሁህ?" ለእኔ ደግሞ እርሳሳቸውን ሰጡኝ። "ከጠያቂው ሁሉ የሚፈልገውን ሰው ስም ጻፊ። ከዜሮ ይሻላል።"

ጻፍሁ። ፊደሎቹ አሁንም ደብተሩ ላይ ጠማማ ሆነው አሉ። አሥራ ሁለት ስም። ከዚያ "የታዘለ አለ?" አልሁ። አንድ አባት ከኋላ እጁን አነሣ፤ አሥራ ሦስት ሆኑ።

አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆየን። ሴቶቹ በየእምነታቸው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ነፋሱ ራሱ በረድ ማለት ጀምሮ ነበር ስልኩ ሲጮኽ። ጀልባው ደንገል ውስጥ ተሰክቷል። ሞተሩ ውሃ ገብቶበታል። ሰው አለ፣ ይናገራል። ወደቡ በእልልታ ሲናወጥ አያ መኳንንት አንድ ጆሯቸውን በእጃቸው ደፍነው "ስንት ቆጠርህ? እንደገና ቁጠር። የታዘለውንስ?" ይላሉ። ሰውየው ስልኩን ወደ ሕፃኑ አስጠጋው መሰለኝ፤ ልቅሶውን ሰማን። አባትየው ስልኩን ከአያ መኳንንት እጅ ቀምቶ ልቅሶውን እያዳመጠ እዚያው ተንበረከከ።

አሥራ አንድ ተሳፋሪ ነበር፣ ከነሕፃኑ። የቀሩት ሁለት ስሞች ዘጌ ውስጥ በደኅና ተገኙ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ግን የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ሄጄ ያደረግሁትን አንድ በአንድ ነገርኋት፤ ሳላስቀር፣ ስልኩ ወደ ኪስ የገባበትንም። አልተቆጣችኝም፣ "ግዴለም"ም አላለችኝም። በግራ እጇ አንድ ቀሚስ ለማጠፍ እየሞከረች ነበር፤ ላግዛት ስነሣ "ተዪው" አለችኝ። ከዚህ በላይ ስለሷ የምጽፈው የለኝም። ከዚህ በታችም መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ወይዘሮ ዘሐራ "ይህን ሰሌዳ ዛሬውኑ አጥፉልኝ" አሉ። እኔ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ይዤ ነበር የመጣሁት። አያ መኳንንት ተነሡ።

"ሰሌዳው ይቆይ።"

"እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉት?"

"እኔ ነኝ። ሰሌዳው ሰው የነካውን ቁልፍ አሳየ፤ አልዋሸም። በቅጣት ስናስፈራራቸው ጎረቤት እንደሚደርስላቸው ያላሰብነው እኛ ነን። ልጅቷ ደግማ ትጻፈው። ግን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ አይደለም።"

ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ዘጌ እየተሻገርሁ እትዬ አለሚቱ ሻይ ቤት ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ቀን እሳቸውም እኔም አለቀስን። ከዚያ ሥራ ጀመርን። ነጂዎቹ ሲገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ "ይህን ብናደርግ በምን ሸውዳችሁ ታልፉታላችሁ?" እውነቱን ለመናገር እንዲህ ደስ ብሏቸው ሲያወሩ አይቼ አላውቅም።

"የይለፍ ቁጥር ብናደርግበትስ?" አልሁት ይበልጣልን።

"ለእትዬ እነግራቸዋለሁ።"

"የፊትህን ፎቶ ብንጠይቅ?"

"ጠዋት አሥር ፎቶ ተነሥቼ እተውላቸዋለሁ። አንዱ ላይ ኮፍያ አድርጌ፣ አንዱ ላይ ሳላደርግ።"

"ቅጣቱን ብናነሣውስ?"

ሻዩን አስቀመጠ። "እንደዚያማ ከሆነ ለምን ብዬ እትዬን አደክማለሁ?"

አዲሱ ግምቴ ከዚያ ነው የወጣው። ቅጣቱ ይነሣል። ቁልፉም ይነሣል። ስልኩ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ ጀልባው ላይ ይታሠራል። ነጂው ከመነሣቱ በፊት የተላከለትን መልእክት በራሱ አፍ ደግሞ፣ የተሳፋሪዎቹንም ስም ጮክ ብሎ ጠርቶ ድምፁን ሰሌዳው ላይ ይልካል። አያ መኳንንት ያዳምጣሉ፤ ድምፅ ካልመጣ ይደውላሉ። ስም ሲጠራ ደግሞ ተሳፋሪው ራሱ "እኔን ረሳኸኝ!" ብሎ ያርመዋል፤ ስንሞክረው እትዬ አለሚቱ ናቸው እንደዚያ ብለው ያሳዩን። በዚህ መካከል መዝጋቢ ምን ትሠራለች? ምንም። ይህንንም ጻፍሁት።

ዛሬ ድምፅ ለመስጠት እጅ ከመነሣቱ በፊት ወይዘሮ ዘሐራ ወረቀቴን አነሡ። "የመጀመሪያው ላይ ሁሉን ታውቂ ነበር" አሉኝ በሰው ፊት። "እዚህኛው ላይ ሦስት ቦታ 'ይህን አላውቅም' ይላል። እኔ እጄን የማነሣው ለነዚያ ለሦስቱ ነው።" መጀመሪያ እጁን ያነሣው ይበልጣል ነው፤ ሁለቱንም አንሥቶ "አንዱን ዝቅ አድርግ፣ ድምፅ ማጭበርበር ነው!" ተባለ።

እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ይህ ነው፦ ሰው የድምፁን ሕግስ በምን ሸውዶ ያልፈዋል? እኔ አላውቅም፣ አያ መኳንንትም አላውቅም አሉ። ስለዚህ ማኅበሩ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደቡ ላይ ሙከራ ያደርጋል፤ ጥሪውንም ለእናንተ እንዳስተላልፍ ፈቅደውልኛል። የምፈልገው ግን ጨዋዎችን አይደለም። ክፍል ውስጥ ለቀረ ጓደኛችሁ "አለሁ" ብላችሁ የምታውቁ፣ ለጎረቤት የፈረማችሁ፣ የወንድማችሁን ድምፅ ማስመሰል የምትችሉ፣ እናንተ ኑ። ድምፅ አስቀድማችሁ ቅዱ፣ ስልክ ተዋዋሱ፣ ስም ዝለሉ፣ የሞተር ጩኸት በአፋችሁ አሰሙ። እትዬ አለሚቱም ከዘጌ ይመጣሉ፤ ከወዲሁ "የሚቀድመኝን አያለሁ" ብለዋል።

እባካችሁ ኑና ሸውዱን። እሑድ ጀልባዎቹ ባዷቸውን ናቸው። ሰኞ ሰው ይሳፈርባቸዋል።